ኢትዮጵያ ምን ያህል እህል እንዳመረተች እንዴት ይታወቃል? ስለ ግብርና ስታቲስቲክስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ አዝመራው ሲሰበሰብ «ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል ተመረተ» የሚል ዜና እንሰማለን። በዚያ ቁጥር በጀት ይመደባል፤ ስንዴ ከውጭ ይግዛ ወይስ አይግዛ ይወሰናል፤ የእርዳታ ጥሪ ይወጣል ወይም ይቀራል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ከተማሪዎች፣ ከጋዜጠኞችና ከወረዳ ባለሙያዎች ዘንድ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው።

ቁጥሩን የሚያወጣው ማን ነው?

ሁለት ምንጭ አለ። አንደኛው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በሚለው የቀድሞ ስሙ ነው፤ የአሁኑን ስያሜ ያገኘው በ2014 ዓ.ም. ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታወቀውን ዓመታዊ የግብርና ናሙና ጥናት ያካሂዳል። የአገሪቱን ገበሬ ሁሉ አይቆጥርም። ገጠሩ እያንዳንዳቸው ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 አባወራ በሚይዙ የቆጠራ ቦታዎች ተከፋፍሏል። ከእነዚህ ከ2000 በላይ የሚሆኑት በዕጣ ይወጣሉ፤ በተመረጠው ቦታ ያለው አባወራ ሁሉ ይመዘገባል፤ ከተመዘገቡት ውስጥ ደግሞ 20 ያህል አራሽ ቤተሰቦች እንደገና በዕጣ ይመረጣሉ። ቆጣሪው እዚያው አካባቢ ከርሞ ማሳ ይለካል፣ የተመረጠ ሰብል አጭዶ ይመዝናል፣ ከብት ይቆጥራል።

ሁለተኛው ምንጭ የግብርና ሚኒስቴር ነው። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ለሚኒስቴሩ ሪፖርት ያደርጋል።

ታዲያ ሁለቱ ቁጥሮች ለምን አይገጥሙም?

ከፊሉ የአሠራር ልዩነት ነው፤ አንዱ በናሙና የለካውን ወደ አገር ደረጃ ያሰፋዋል፣ ሌላው ከየቀበሌው የመጣውን ግምት ይደምራል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል። የልማት ሠራተኛው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንዲደርስ ያደርጋል፣ በመስመር መዝራትን ያስተምራል፣ የተፋሰስ ሥራ ያስተባብራል፣ የቀበሌውን ዕቅድም ያዘጋጃል። ዓመቱ ሲያልቅ ያ ዕቅድ ምን ያህል እንደተሳካ የሚያሳየውን ቁጥር የሚጽፈውም እሱ ራሱ ነው። ዕቅዱ በሄክታር 30 ኩንታል የሚል ከሆነ 22 ብሎ መጻፍ ግምገማ ላይ ያስነሣል። የወረዳው ኃላፊም፣ የዞኑም ያው ጭንቀት አለባቸው። ማንም ሆን ብሎ ሳይዋሽ በየእርከኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ቢጠጋጋ አዲስ አበባ ሲደርስ ብዙ ይሆናል።

ይህን የምለው ሠራተኛውን ለመውቀስ አይደለም። በየጭቃው እየተመላለሰ ከገበሬው ጋር የሚውለው እሱ ነው፤ የሰብሉን ሁኔታ ከማንም በፊት ያውቃል። ችግሩ የሚለካውና በልኬቱ የሚገመገመው አንድ ሰው መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ካልተስተካከለ ሌላ ቦታ የሚደረግ ማሻሻያ ሁሉ ውጤቱ ትንሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

የትኛውን ልመን?

ለአገርና ለዞን ድምር የስታቲስቲክስ አገልግሎቱን ቁጥር ተጠቀሙ። የሚኒስቴሩ መረጃ ደግሞ ለቅርብ ክትትል ይጠቅማል፤ ዝናቡ ዘገየ፣ ተምች ገባ፣ ዋግ ታየ የሚለውን ቀድሞ የሚነግረን እሱ ነው።

ናሙናውም ቢሆን ከጥያቄ ነፃ ሆኖ አያውቅም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የእህል ምርት በየዓመቱ በፍጥነት እንዳደገ ጥናቶቹ ያሳዩ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ግን የምግብ ዋጋ ሰማይ ነካ። ምርቱ እንዲያ ካደገ እህል ለምን ተወደደ? ከፊሎቹ ኢኮኖሚስቶች ወደ ገንዘብ አቅርቦቱና ወደ ዓለም ገበያ ጠቆሙ፤ ከፊሎቹ የምርት ቁጥሩን ራሱን ተጠራጠሩ። ክርክሩ ለሁለቱም ወገን የሚያረካ መቋጫ አላገኘም፤ መቋጫ ያጣውም ቁጥሩን በሌላ መንገድ ለማመሳከር የሚያስችል በቂ መረጃ ስላልነበረ ነው።

የማሳ ስፋት ለመለካት ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ገበሬውን መጠየቅ አይበቃም?

ገበሬው ማሳውን ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን በራሱ መለኪያ ነው። ጥማድ በአንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚታረስ መሬት ነው፤ በተለምዶ ሩብ ሄክታር ይባላል። ይሁን እንጂ በሬው ጠንካራ ከሆነና አፈሩ ከቀለለ ጥማዱ ይሰፋል፤ ዋልካ ላይና ተዳፋት ላይ ይጠባል። ጎጃም ውስጥ ቃዳ ይባላል፤ ሌላው ጋ በገመድ ይለካል፤ የገመዱ ርዝመትም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ የተደረጉ ንጽጽሮች አንድ ዓይነት ዝንባሌ አሳይተዋል፤ ትንሽ ማሳ ያለው ሰው ሲጠየቅ አብዝቶ ይናገራል፣ ትልቅ ማሳ ያለው አሳንሶ ይናገራል። ስሕተቱ በዘፈቀደ ቢሆን ኖሮ እርስ በርሱ ይጣፋ ነበር። እንዲህ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ግን «ትንንሽ ገበሬዎች በሄክታር ምን ያህል ያመርታሉ» የሚለውን ጥያቄ መልስ ያዛባል፤ ስፋቱ ሲጋነን ምርታማነቱ ዝቅ ብሎ ይታያልና።

የቆየውና የሚታመነው ዘዴ በኮምፓስና በገመድ ዙሪያውን መለካት ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ማሳው ብዙ ማዕዘን ካለው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ጂፒኤስ ይዞ ዳር ዳሩን መዞር በጣም ያፈጥናል፤ በመካከለኛና በትልቅ ማሳ ላይ ውጤቱ ከገመዱ ብዙም አይርቅም። እንደ ጓሮ ባለች ትንሽ ቁራሽ ላይ ግን የጥቂት ሜትሮች ስሕተት ከስፋቷ ብዙውን ድርሻ ስለሚወስድ እዚያ ገመዱ ይሻላል።

«አራት በአራት» የሚባለው ምንድን ነው?

ምርት የሚለካበት ዘዴ ነው። ከተመረጠ ማሳ ውስጥ ቦታው በዕጣ ቁጥር ተወስኖ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ካሬ በገመድና በችካል ይታጠራል። ሰብሉ ሲደርስ ቆጣሪው ባለበት ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ከደረቀ በኋላ ይመዘናል። በቃ፣ ይኸው ነው፤ የአገር የምርታማነት ቁጥር የሚቆመው በዚህች ካሬ ላይ ነው።

ስሌቱን እንመልከት። 16 ካሬ ሜትር ማለት የሄክታር 625ኛ እጅ ነው። ከካሬው 2.88 ኪሎ ግራም ደረቅ ጤፍ ቢገኝ በ625 ሲባዛ 1800 ኪሎ ይሆናል፤ በሄክታር 18 ኩንታል ማለት ነው። አሁን ሚዛኑ በ160 ግራም ቢሳሳት፣ ወይም እህሉ በቅጡ ሳይደርቅ ቢመዘን፣ በሄክታር አንድ ሙሉ ኩንታል ተጨመረ። ጤፍ በአገሪቱ ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል፤ ያ ስሕተት በሁሉም ቦታ በአንድ አቅጣጫ ከተደገመ ማንም ያላመረተው 3 ሚሊዮን ኩንታል ጤፍ ወረቀት ላይ ይገኛል። ለዚህ ነው የደህና ሚዛን ነገር ሲነሣ እንደ ተራ ግዢ መታየቱ የሚያሳዝነኝ።

ሌላም ወጥመድ አለ። በካሬው ጠርዝ ላይ የበቀለው ተክል ከውስጥ ነው ከውጭ? ቆጣሪው ከተጠራጠረ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ካሬው ባነሰ ቁጥር ጠርዙ ከስፋቱ አንጻር ስለሚበዛ ምርቱ ተጋንኖ ይታያል። ይህ ጉዳይ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ ትልቅ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ከሕንድ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት አንዱ ማሃላኖቢስ ትንንሽ ቁራጮችን በብዛት መውሰድን መረጠ፤ ሌላው ሱክሃትሜ ደግሞ ትንንሽ ቁራጮች ምርትን እንደሚያጋንኑ በሙከራ አሳየ። ሱክሃትሜ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ የፋኦ፣ የስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል።

በዚያ ላይ ካሬው በጥንቃቄ ስለሚለቀም በአጨዳ፣ በመጎተትና በአውድማ ላይ የሚባክነውን እህል አያሳይም። ስለዚህ «ማሳ ላይ የነበረው» እና «ጎተራ የገባው» ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው።

እንሰትስ? ድብልቅ ሰብልስ?

ቀደም ሲል የገለጽኩት ዘዴ የተሠራው ለጤፍ፣ ለስንዴ፣ ለበቆሎ ዓይነቱ ሰብል ነው፤ በአንድ ወቅት ተዘርቶ በአንድ ወቅት የሚታጨድ። እንሰት እንዲህ አይደለም። ለዓመታት መሬት ውስጥ ይቆያል፤ ቤተሰቡ ሲቸግረው አንዱን ይነቅላል፣ ሲሞላለት ይተወዋል። ተፍቆ ቆጮና ቡላ እስኪሆን ድረስም ክብደቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ የሚቆጠረው ስንት ተክል እንዳለና በዓመቱ ስንት እንደተነቀለ ነው፤ ከአንዱ ተክል ስንት ኪሎ ቆጮ እንደተገኘ ደግሞ በብዛት የሚታወቀው ከባለቤቶቹ ቃል ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ቆጣሪው ግን የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ አባወራውን ነው! በሲዳማ፣ በጉራጌ፣ በጌዴኦ፣ በወላይታ ሚሊዮኖችን የሚመግብ ተክል ከስንዴ ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ ትክክል አይደለም። ቢያንስ ጥያቄው ለሚፍቁት ሴቶች መቅረብ አለበት።

ድብልቅ ሰብልም እንዲሁ ያስቸግራል። ትግራይ ውስጥ ገብስና ስንዴ አንድ ላይ ተዘርተው ሐንፈጽ ይሆናሉ፤ ደቡብ ውስጥ በበቆሎ መካከል ቦሎቄ ይገባል። ሄክታሩ ለማን ይቆጠር? ለሁለቱም ሙሉ ስፋት ከተሰጠ የአገሪቱ የታረሰ መሬት ከእውነተኛው በላይ ይሆናል፤ ለዋናው ብቻ ከተሰጠ ሌላኛው ይጠፋል። የሚሻለው ማሳ ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ድርሻ መገመትና የአገማመቱን ደንብ በግልጽ መጻፍ ነው።

የሕዝብ ቆጠራ አለመካሄዱ ከግብርና ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል። ዕጣ የሚወጣው ከዝርዝር ነው። የቆጠራ ቦታዎቹ ዝርዝርና ካርታ የሚዘጋጀው ለሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው፤ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ደጋግሞ ተራዝሟል። ለእሱ ተብሎ የተሠራው የካርታ ሥራ የተወሰነ እድሳት አምጥቷል፤ ግን ካርታ ብቻውን ስንት ቤተሰብ እንደሚያርስ አይናገርም። ከዚያ ወዲህ ከተሞች እርሻውን በልተዋል፣ ወጣቶች ይዞታ ተካፍለዋል፣ ብዙ ሰው በግጭት ተፈናቅሏል። የግብርና ቆጠራው ከዚህም ይብሳል፤ የመጨረሻው የተካሄደው በ1994 ዓ.ም. ነው። ፋኦ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ይመክራል።

ዝርዝሩ ካረጀ ናሙናው ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢወሰድ በ1999 ዓ.ም. የነበረችውን ኢትዮጵያ ያሳያል።

አንድ ተስፋ አለ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በትግራይ፣ ቀጥሎም በሌሎች ክልሎች የገጠር መሬት ይዞታ ሲመዘገብ ቆይቷል፤ በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ደግሞ ማሳዎች ከነወሰናቸው ካርታ ላይ ሰፍረዋል። ይህ መዝገብ ከስታቲስቲክሱ ጋር ቢተሳሰር ዕጣ የሚወጣበት አዲስ ዝርዝር ይሆናል፤ የማሳ ስፋትም እየተመላለሱ መለካት ይቀንሳል። መሬት የሚመዘግበውና ስታቲስቲክስ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት መረጃ መለዋወጥ አለባቸው፤ የግለሰቡ መረጃ ምስጢርነትም መጠበቅ አለበት። አስቸጋሪ ነው፣ የማይቻል ግን አይደለም።

ገበሬው ለምን ያሳንሳል ወይም ያበዛል?

ምክንያት ስላለው። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ግብር በይዞታ ስፋት ስለሚወሰን መሬት ያለው ዝቅ ያደርጋል። ማዳበሪያ በይዞታ ሲከፋፈል ደግሞ ከፍ ማድረግ ያዋጣል። ሴፍቲኔት ውስጥ ያለ ቤተሰብ ሁለት በግ ገዛሁ ቢል እንዳይሰረዝ ይሰጋል። ከብት መቁጠር ራሱ ደግ አይደለም ተብሎ የሚታመንበት አካባቢም አለ። ቆጣሪው የመጣው ከቀበሌ ሊቀ መንበሩ ጋር ከሆነ ሰዉ መልሱን ለሊቀ መንበሩ ነው የሚሰጠው። የአንድ ግለሰብ መረጃ በሕግ ምስጢር ነው፤ ይህ በሚገባው ቋንቋ፣ ቀበሌው በሌለበት፣ ጊዜ ወስዶ ሊነገረው ይገባል።

መለኪያውም ያምታታል። «አሥር ኩንታል አገኘሁ» ሲል አሥር ማዳበሪያ ሙሉ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ማዳበሪያው በጤፍ ሲሞላና በገብስ ሲሞላ ክብደቱ አንድ አይደለም። ቁና፣ ጣሳ፣ እንቅብ፣ ዳውላ፣ ሸክም ሁሉም ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ለየአካባቢውና ለየሰብሉ የኪሎ መለወጫ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ከዓለም ባንክ ጋር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያካሄደው የኢትዮጵያ ሶሺዮ ኢኮኖሚክ ጥናት በዚህ በኩል ጥሩ ሥራ ሠርቷል።

የአርብቶ አደር አካባቢ ይቆጠራል?

ለረጅም ጊዜ በከፊል ብቻ ነው የተቆጠረው። ዓመታዊ ጥናቱ በቋሚነት የማይሰፍረውን የአፋር ሦስት ዞኖችና የሶማሌ ስድስት ዞኖች ሕዝብ ሳይጨምር ቆይቷል። «ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የቀንድ ከብት አላት» ሲባል ከብት ዋና ሀብቱ የሆነው ሕዝብ ከፊሉ እዚያ ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ግመልና ፍየል ላይ ጉድለቱ ይብሳል። ድርቅ መጥቶ መንጋ ሲያልቅ ምን ያህል እንደጠፋ ማነጻጸሪያ አይኖርም። ዘላኑን በቤቱ መፈለግ አይሠራም። በውኃ ነጥቦች ላይ በድርቅ ወራት መቁጠር ወይም ከአየር ላይ መቁጠር ይቻላል፤ ሁለቱም ውድ ናቸው፣ ግን ይገባቸዋል።

የወረዳዬን ቁጥር ለምን አላገኝም?

ናሙናው የተሠራው ለዞን ነው። በአንድ ወረዳ የሚወድቁት ጥቂት የቆጠራ ቦታዎች ናቸው፤ ከእነሱ የወረዳ ምርት ማውጣት ያሳስታል።

ሳተላይት እያለ ሰው መላክ ለምን አስፈለገ?

ሴንቲኔል ሁለት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ10 ሜትር ጥራት ምስል በነፃ ይሰጣል። ሆኖም የእኛ ዋና ሰብል የሚያድገው በክረምት፣ ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ወቅት ነው። ደመናን የሚያልፈው የራዳር ምስል ያግዛል። ማሳው ግን ጠባብ ነው፤ በአንድ ተረተር ላይ ጤፍ፣ ባቄላ፣ ገብስና ኑግ ጎን ለጎን ይታያሉ። ኮምፒውተሩ ይህን እንዲለይ መጀመሪያ «ይህች ጤፍ ናት» የሚል ከመሬት የተወሰደ መረጃ በብዛት መማር አለበት። ያንን የሚያመጣው ያው ቆጣሪ ነው። በሰፊ ኩታ ገጠም የስንዴ እርሻና በበጋ መስኖ ላይ ሳተላይት አሁኑኑ ሊጠቅም ይችላል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ማሳውም ሰፊ ነው። በመኸርና በበልግ ዙሪያ የተሠራው የጥናት ጊዜ የበጋውን ስንዴ በቅጡ እንዲይዝ ራሱን የቻለ ዙር ያስፈልገዋል፤ በስንዴ ምርት ላይ በመንግሥትና በውጭ ተንታኞች መካከል የሚታየው የግምት ልዩነት እንዲጠብ አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ታብሌት ችግሩን አልፈታውም?

ስሕተትን እዚያው ያርማል፤ ቆጣሪው ማሳው ጋ መድረሱን በጂፒኤስ ያሳያል፤ ወረቀት ለመጻፍ የሚባክነውን ወራት ያስቀራል። የሚመዘን ሚዛን ከሌለ ግን የተሳሳተውን ቁጥር በፍጥነት ያደርሳል።

ሌሎች አገሮች የተሻለ ይዘውታል?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ማላዊ የማዳበሪያ ድጎማ በጀመረች ሰሞን፣ በ2006/07 እ.ኤ.አ.፣ የግብርና ሚኒስቴሯ የበቆሎ ምርት ወደ 3.4 ሚሊዮን ቶን ነው አለ፤ የስታቲስቲክስ ቢሮዋ የግብርና ቆጠራ ግን ወደ 2.1 ሚሊዮን ቶን አገኘ። ድጎማውን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ነበር ምርቱን የሚገምተው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2001 እና 2002 ረኃብ በገባ ጊዜም የካሳቫና የስኳር ድንች ምርት ተጋንኖ መገመቱ ችግሩ ዘግይቶ እንዲታይ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። የተጋነነ ቁጥር ሰው ይገድላል።

በዓለም ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2010 እ.ኤ.አ. የግብርናና የገጠር ስታቲስቲክስ ማሻሻያ ስትራቴጂ አጽድቋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ እስከ 2030 ድረስ በ50 አገሮች የግብርና ጥናቶችን ለማጠናከር ያለመ ፕሮግራም ተጀምሯል። ጥሩ ነው። የለጋሽ ፕሮጀክት ሲያልቅ ጥናቱ የሚቆም ከሆነ ግን ተከታታይ መረጃ አይኖርም፤ የመስክ ወጪው ከመንግሥት መደበኛ በጀት መውጣት አለበት።

ከየት ይጀመር?

እኔ ብጠየቅ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። የልማት ሠራተኛውን ከምርት ሪፖርት ማውጣትና ለክትትል ብቻ ማሰማራት። የቆጣሪውን አበል፣ ሚዛን፣ ገመድና ሥልጠና ማስተካከል፤ ብዙዎቹ በጊዜያዊ ውል የሚሠሩ ስለሆኑ ልምድ ያካበተው በየዓመቱ ይሄዳል። ከዚያ የግብርና ቆጠራውን ማካሄድ። ሳተላይቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ጥሬ መረጃው ስም ተነሥቶለት ለተመራማሪዎች ቶሎ ይለቀቅ፤ ብዙ ዓይን ያየው መረጃ ስሕተቱ ይገኛል።

ቁጥሩን በጽሑፌ ስጠቀም ምን ልጠንቀቅ?

መኸር ነው ወይስ በልግ፣ ይህን አረጋግጡ። በጥናቱ አሠራር ከመስከረም እስከ የካቲት የሚታጨደው መኸር፣ ከመጋቢት እስከ ጳጉሜ የሚታጨደው በልግ ነው፤ ከእህሉ ከአሥር ዘጠኙ እጅ የሚገኘው ከመኸሩ ነው። የግል አርሶ አደሮችን ብቻ ነው ወይስ ሰፋፊ እርሻዎችንም ይጨምራል የሚለውን እዩ፤ ሰፋፊዎቹ በተለየ ጥናት ይወጣሉ። የጦርነቱን ዓመታት ከቀደሙት ጋር ስታነጻጽሩ ትግራይ በ2013 ዓ.ም. ጥናት ውስጥ እንዳልነበረ አስታውሱ፤ አለበለዚያ የሌለ ቅናሽ ታገኛላችሁ። ዓመቱንም አትቀላቅሉ፤ በእንግሊዝኛው ቅጂ 2012/13 ተብሎ የተጻፈው በእኛ 2005 ዓ.ም. ነው። ከድምሩ ጎን የስሕተት መጠን የሚያሳይ ሠንጠረዥ በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ አለ፤ በሁለት ዓመታት መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ መጠን ካነሰ «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ብላችሁ አትጻፉ።